ያልራበው ሕፃን

ዓመለወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው አንድ ነገር ነው፤ ረሃብን። ጅብም፣ መብረቅም፣ የቀበሌ ስብሰባም እንደዚያ አስፈርተዋት አያውቁም። ከቦዲቲ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወለደች፣ እዚያው ተዳረች፣ እዚያው ወልዳ አሳደገች፣ ባሏን ኤርሳዶንም እዚያው ቀበረች። በልጅነቷ ያ ክፉ ዓመት ሲመጣ፣ ሜዳው ለምልሞ ጓዳው ግን ባዶ ሲሆን፣ ታናሽ እህቷን ወስዶባታል። ከዚያ ወዲህ ሆድ የሚባል ነገር ባዶውን ሲያድር ማየት አትችልም። እንግዳ ቢመጣ ታበላለች፣ ፖስተኛ ቢመጣ ታበላለች፣ የተጣላት ሰው እንኳ ለጠብ ከመጣ መጀመሪያ አጉርሳ ነው የምትሰድበው። ኤርሳዶ በሕይወት ሳለ፣ "እዚህ ቤት የገባ ሌባ ቢሆን እንኳ ሳይበላ አይወጣም" እያለ ያበሽቃት ነበር።

ከቤቷ ጀርባ እንሰት አለ። አለ ማለቴ፣ ነበረ። ያን እንሰት ከልጇ ለይታ አታየውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እያንዳንዱን በዘሩ ስም ትጠራዋለች፣ ትኮተኩተዋለች፣ ፍግ ታለብሰዋለች። እንሰት ካለ ቆጮ አለ፣ ቡላ አለ፣ አምቾ የሚሉት ሥሩም ተቀቅሎ ይበላል። እንሰት ያለው ሰው ዝናብ ቢቀር አይደነግጥም።

ድንጋዩ የወደቀው በክረምቱ መግቢያ ነው። ሰዉ ከእርሻ ሳይመለስ፣ በጠራ ሰማይ፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ መጣና ከጓሮዋ ጥግ አንድ ነገር ወድቆ ሁለት እንሰት ሰበረ። ወጥታ ስታይ መሬቱ ጥጃ የሚያስተኛ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር፣ የተቃጠለ፣ ከመሃሉ የተሰነጠቀ ድንጋይ ይጨሳል። ቄስ መጥተው ጠበል ረጩ። ከዚያ ተመራማሪዎች በመኪና መጥተው ድንጋዩን በጆንያ ጠቅልለው ወሰዱት። ሰው ሁሉ በዚህ አለቀ አለ።

አላለቀም። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር በቀለ።

ቅጠሉ የእንሰት ቅጠል ይመስላል፤ ከሥሩ በኩል ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቀን ቀን ተኝቶ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደመናም ይሁን ጨለማ፣ ቅጠሉ ሁሉ ወደ አንድ የሰማይ ጥግ ዞሮ ያድራል፤ እዚያ በኩል ምን እንዳለው እግዜር ይወቅ። ሰዉ ሳሎ ኡታ አለው፤ በወላይትኛ የሰማይ እንሰት እንደ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ተመልሰው መጡ። ከመካከላቸው ዓምደሚካኤል የሚባለው፣ ረጋ ያለ ሰው፣ ቅጠሉን በላስቲክ ከረጢት ከከተተ በኋላ፣

"እናቴ፣ ይኼ በምድር ላይ ከምናውቀው ተክል ከአንዱም ጋር አይዛመድም። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ከብትም አይብላው፣ እርስዎም እንዳይነኩት" አላት።

"እሺ ልጄ" አለችው፤ አብልታም ሸኘችው።

ልትጠብቅም አስባ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ውጤቱ ሳይመጣ በዚያው ክረምት አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ መንደሩ ገባ። መጀመሪያ አንዱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ መሃሉ ይዝላል፣ ከዚያ እንሰቱ ቆሞ ይበሰብሳል። የግብርናው ሠራተኛ እንደነገራት የምትቆርጥበትን ቢላ በእሳት እየለበለበች፣ የታመመውን እየነቀለች ቀበረች። አልሆነም። ጓሮዋ ሲራቆት ያ የልጅነት ፍርሃት መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ሁሉ መሃል ሳሎ ኡታ ብቻ ምንም ሳይሆን፣ ግንዱ እየወፈረ፣ እያማረበት ቆሟል።

በዚያ መንደር አንድ ልማድ አለ። የማይታወቅ ሥር ሲመጣ መጀመሪያ የምትቀምሰው የቤቱ ትልቅ ሴት ናት። ቀቅላ ውኃውን ትደፋለች፣ እንደገና ትቀቅላለች፣ ትንሽ ትበላለች። ካላስመለሳት፣ ጉሮሮዋን ካላሳከካት፣ ራሷን ካላዞራት፣ አድራ በሰላም ከተነሳች፣ ሌላው ይበላል። ካሳቫ ሲገባም አያቷ እንዲሁ ነው ያደረጉት። ዓመለወርቅም እንዲሁ አደረገች። ጫፉን ቆፍራ፣ ልጣ፣ ቀቅላ፣ ውኃውን ደፍታ ቀመሰች። ነጭ ነው፤ ጣዕሙ አዲስ የፈላ ወተት ይመስላል። አደረች። አላሳከካትም፣ አላስመለሳትም። ጠዋት እንደጠገበች ተነሳች። እስከ ማታም ጠግባ ዋለች። በማግሥቱም አልራባት።

ልማዱ መርዝን ነው የሚፈትነው። ጥጋብን ማን ይፈትናል? ዓመለወርቅ ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ፣ እንባዋ እየፈሰሰ አምላኳን አመሰገነች።

ከዚያማ ማን ያቆማታል። እንሰት እንደሚራባ አራባችው፤ አምቾውን አውጥታ፣ ቡቃያው የሚወጣበትን እምብርት ቆርጣ፣ ፍግ ሞልታ ቀበረችው። እንሰት ወራት ይፈጅበታል። ይኼ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ አፈላ። በሽታ የገባበት ሰው ችግኝ ሲያጣ ያለው ይሰጠዋል እንጂ አይሸጥለትም፤ የአገሩ ወግ ነው። እሷም እየተሸከመች ከቤት ቤት ዞረች። "አይዞሽ፣ ይኼን ትከዪ፣ ልጆችሽ አይራቡም" እያለች። ሰዉ እጇን ሳማት።

መንደሩም ሰላም ሆነ። ልጆች "ራበኝ" ማለት ተዉ። እናቶች ገበያ ወጥተው እስኪመለሱ የሚያላዝን የለም። ምሳ ሰዓት የሚባለው ነገር ራሱ እየተረሳ መጣ፤ ሰው ሲያስታውስ አንድ ቁራጭ ይበላል፣ ሳያስታውስ ይቀራል። ልብስ ሁሉ ሰፋ፤ ቀበቶ ሁሉ አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። ዓመለወርቅ ቀሚሷ ሲዋኝባት፣ "እርጅና ነው" ብላ በመቀነቷ ሸብ አደረገችው።

በዚህ መሃል ምራቷ መቅዲ ልትወልድ መጣች። መቅዲ የሶዶ ልጅ ናት፣ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ባሏ ኢሳይያስ፣ የዓመለወርቅ አንድ ልጅ፣ ከአረካ ሶዶ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። መቅዲ ገና እንደመጣች ሳሎ ኡታውን አየችና ቁርጡን ተናገረች።

"እማዬ፣ ቅር አይበልሽና እኔ እሱን አልበላም። ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ሆዴ ውስጥ ልጅ ይዤ አልበላም።"

"እሺ የኔ ልጅ፤ ማን ያስገድድሻል" አለች ዓመለወርቅ።

ወንድ ተወለደ። እልልታው ሳያባራ የዓመለወርቅ ፍርሃት ተነሳ። አራስ የሚገባት የቡላ ገንፎ በቅቤ ነው፤ ቡላው ግን ካለፈው ዓመት የቀረ አንድ እፍኝ ብቻ ነው። እናት ካልጠገበች ወተቷ ይነጥፋል፤ ወተት ከነጠፈ ልጁ ይራባል። አዲሱ ሕፃን እንደ እህቷ ሲሆን ታያት። ስለዚህ ሳሎ ኡታውን አድርቃ ወቀጠችው፣ ከቡላው ጋር ቀላቀለችው፣ ቅቤውን አብዝታ አገነፋችው። መቅዲ "እንዴት ይጣፍጣል" እያለች በላች። ዓመለወርቅ ዓይኗን ወደ ምድጃው አድርጋ፣ "ብዪ፣ ብዪ" አለቻት።

ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡት ሲጎትት ለጉድ ነበር። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ አንድ ሁለቴ ስቦ መልቀቅ ጀመረ። ከዚያ ተወው።

አይታመምም። አይተኩስም። አያለቅስም። ጡቱን አፉ ላይ ሲያደርጉለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል፣ ልክ ግብዣ ላይ "በቃኝ" እንደሚል ሽማግሌ። ዓይኑን ከፍቶ ጣራውን ያያል። ደስ ያለው ነው የሚመስለው። ያ ደስታው ነበር የሚያስፈራው። ጉንጩ እየሟሸሸ፣ ጭኑ እየተሸበሸበ፣ እሱ ግን እንደጠገበ ነው።

"ጨዋ ልጅ ነው" አሉ ጎረቤቶች። "የኔም እንዲሁ ነው፣ ድምፁ አይሰማም።" ዓመለወርቅ ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። ልቧ አውቆታል፤ አፏ ነው ያላወጣው።

ልጁን ታቅፈው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። መርማሪው ትግሉ ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ፊቱ የማይስቅ፣ እጁ ግን ለሕፃን የሚለሰልስ ጎልማሳ ነው። መዘነው። አውርዶ እንደገና መዘነው። ጣቱን አጥቦ አፉ ውስጥ አስገባ፤ ልጁ ጣቱን አልጠባውም።

"እናትየው ምን እየበላሽ ነው?" አለ።

"የቡላ ገንፎ በቅቤ" አለች መቅዲ። "ሌላ ምንም።"

ዓመለወርቅ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ግን መቅዲ ትጠላታለች፣ ኢሳይያስ አይምራትም፣ የልጅ ልጇን ዳግመኛ አያሳቅፏትም። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ከዚያ ልጁን አየችው፤ ጣራውን እያየ ነው።

"ሌላም አለ" አለች። "እኔ ነኝ የጨመርኩበት፣ ዶክተር። ሳሎ ኡታ። እሷ አታውቅም።"

መቅዲ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልጁን ከዓመለወርቅ አጠገብ ካለው ክንዷ አንስታ ወደ ሌላው ክንዷ አዞረችው። ብትመታት ይሻላት ነበር።

ትግሉ ዓመለወርቅን ሚዛን ላይ አወጣት። ቁጥሩን አይቶ የክንዷን ሥጋ ያዝ አደረገ፤ ቆዳ ነው።

"እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የራብዎት መቼ ነው?"

ልታስታውስ ሞከረች። እንሰቱ ሳይደርቅ ነው? ከመስቀል በፊት? አላስታወሰችም። ዕድሜ ልኳን የሸሸችው ነገር መቼ ጥሏት እንደሄደ አታውቅም።

"ያ ተክል የሚያጠግብዎት መስሎዎታል" አለ ትግሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ የማየው ረሃብዎን ገድሎ ሰውነትዎን ራሱን በራሱ ሲያስበላው ነው። ትልቅ ሰው ይቆያል። ይኼ ልጅ ግን ከወተት በቀር ምን አለው? በወተቷ ገብቶበታል።"

በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የዱቄት ወተት ሰጠው፤ ልጁ አስመለሰው። ሶዶ ያሉ ሐኪሞችን በስልክ ጠየቀ። እነሱም ያሉት ይኼንኑ ነው፤ በቱቦ ማቆየት፣ የእናትየውን ወተት ማቆም፣ የሌላ ሴት ወተት መፈለግ።

"ያን ነገር ያልቀመሰች የምታጠባ ሴት ፈልጉ" አላቸው። "እኔ በቱቦ ላቆየው እችላለሁ፤ የሚያድነው ግን ራሱ ሲርበው ነው። ዛሬውኑ ፈልጉ።"

ዓመለወርቅ መንደሩን በር በበር ዞረች። የምታጠባ ሴት ሞልቷል። በየበሩ ስሟን ጠርተው፣ ስመው፣ "ግቢ እንጂ" እያሉ ይቀበሏታል። እሷ ግን ከትከሻቸው በላይ ጓሮውን ታያለች፤ ሰማያዊ የሚያደላ ቅጠል አለ። ሌላው ቤትም አለ። ሌላውም። "በልተሻል ወይ?" ብላ ስትጠይቅ ይስቃሉ፤ "አንቺው ሰጥተሽን፣ ደግሞ ትጠይቂናለሽ?" ይሏታል። በየቤቱ ያደለችው የራሷ እጅ መንገዱን ሁሉ ዘግቶባታል። ከወንዙ ማዶ ያለው አንድ ቤት ብቻ ቀረ።

የይመኙሻል ቤት ነው። ይመኙሻል ለኤርሳዶ ለቅሶ አልመጣችም። ለቅሶ የቀረ ጎረቤት ምን ይባላል? ዓመለወርቅ ዓይንሽን አልይ ብላ ተቆራርጣለች። ሰው ሁሉ ችግኝ ሲወስድ ይመኙሻል ሴት ልጇን ለአንዲት ችግኝ ብትልክባት፣ ያቺ ሰው ሳታበላ የማትሸኝ ዓመለወርቅ፣ ልጅቱን ባዶ እጇን መልሳታለች።

ይመኙሻል በራፏ ላይ ስኳር ድንች ትልጣለች። ጭኗ ላይ ያለው ልጅ ጡቷን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ። ዓመለወርቅ ያን ድምፅ ስትሰማ እዚያው ቆማ ቀረች።

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" አለች ይመኙሻል፣ ቀና ሳትል።

ዓመለወርቅ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፣ ምንም ሳታስቀር። ይመኙሻል ጨርሳ ሰማችና ቢላዋን አስቀመጠች።

"ለኤርሳዶ ለቅሶ ያልመጣሁት አስወርዶኝ አልጋ ላይ ስለነበርኩ ነው። ምን ሆና ነው ብለሽ አልጠየቅሽም። ልጄን ስልክብሽ ችግኝ ነፈግሽኝ። አሁን ደግሞ ጡቴን ፈለግሽ።"

"አዎ" አለች ዓመለወርቅ።

"እንግዲያው ችግኙን አምጪና ጡቴን እሰጥሻለሁ። እኔም እንደ ሰው ልጆቼን ላጥግብ።"

"እሱን አልሰጥሽም፣ ይመኙሽ። ሞት ነው።"

"ለሌላው ሲሆን በረከት፣ ለኔ ሲደርስ ሞት ሆነ?" ይመኙሻል ሳቀች፤ ሳቁ ክፉ ነው። "አሁንም እየነፈግሽኝ ነው።"

ዓመለወርቅ ነጠላዋን ጣለች፣ መቀነቷን ፈታች፣ የይመኙሻልን እጅ ይዛ ጎኗ ላይ አስቀመጠችው። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም" አለች። "እና አልራበኝም። ይገባሻል? አልራበኝም። ልጁም እንደዚሁ ነው። እየደረቀ ነው፣ ግን አልራበውም።"

ይመኙሻል እጇን ቶሎ አላነሳችም። በኋላ ስታነሳው በቀሚሷ ጠረገችው።

"ተጠምቋል?"

"ገና ነው። አርባው አልሞላም።"

"የኔም ወተት ብዙ አይደለም። ራብተኛ ነኝ፣ እያየሽኝ።"

"ስለራበሽ ነው የመጣሁት" አለች ዓመለወርቅ።

ይመኙሻል ልጇን አዝላ ተነሳች። ስኳር ድንቹን እንዳይቀር በሻሽዋ ቋጠረችው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ወተቱን በሲኒ እያለበች ሰጠች፤ ትግሉ በቱቦ አወረደለት። ልጁ አላስመለሰውም። ትግሉ እንዴት እንደሚያደርጉ አሳይቶ፣ በየጠዋቱ ሊያየው ተስማምቶ ከይመኙሻል ጋር ወደ ዓመለወርቅ ቤት መለሳቸው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ መጠበቁም ከሁሉ የከፋው ነው። ዓመለወርቅ ጓሮዋ ያለውን ሳሎ ኡታ ከነሥሩ ነቅላ አቃጠለችው፤ በየቤቱ ያለውን ንቀሉ ብትል ግን ሰዉ "አሮጊቷ ነካ አደረጋት" ብሎ ሳቀባት። ላሟን አልባ፣ ጎመንና በቆሎ ቀቅላ ይመኙሻልንና ልጆቿን መገበች። ጠዋት ጠዋት "ራበሽ?" ትላታለች። ይመኙሻል "ራበኝ" ስትል ነው ነፍሷ የምትመለሰው። አንድ ጎረቤት የይመኙሻልን ልጆች የሳሎ ኡታ ቁራሽ ቢያጎርስስ? ይመኙሻል ራሷ ተደብቃ ብትቀምስስ? እየሄደች እጃቸውን ታሸታለች። ማታ ደግሞ ሌላው ፍርሃት ይመጣል፤ ያ ነገር አንዴ ከገባ የማይወጣ ቢሆንስ? እሷ ራሷ እህል በግድ ትውጣለች፣ አፈር የምትበላ ያህል። ረሃብ ግን አልመጣም። መቅዲ አታናግራትም። ልጁ ጣራውን ያያል።

በገበያ ቀን ጠዋት ነው። ሰዉ ሸክሙን ይዞ በደጅ ያልፋል። ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ። ዓመለወርቅ መጀመሪያ ፍየል መሰላት። ከዚያ ጎላ። ከዚያ መንደሩን የሚያናጋ ቁጣ ሆነ።

መቅዲ ልጁን አነሳችው። ይመኙሻል ነጥቃ ጡቷን አጎረሰችው፤ ሲይዛት "ወይኔ" ብላ ጥርሷን ነከሰች። ጠባ። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማል። ዓመለወርቅ ደፉ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ መቅዲ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ቀና ስትል ደጁ ሰው ሞልቷል። ልቅሶው ነው የጠራቸው። ሴቶቹ ሸክማቸውን እንደያዙ፣ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። ሊስቁ፣ እልል ሊሉ ነበር የመጡት። አሁን ግን በተከፈተው በር አፉን ሞልቶ የሚጠባውን ልጅ ያያሉ፣ ዞረውም ጀርባቸው ላይ ያለውን ያያሉ። በዚያ ሁሉ ጀርባ ላይ አንድም የሚያለቅስ የለም።

እልፍነሽ የምትባለው፣ ልጇን ጨዋ ነው እያለች ስትመካ የከረመችው፣ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችው። ጭኑን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ልጁ ፈገግ አለላት።

"ዓመለወርቅ" አለች፣ "የኔ ልጅ መጨረሻ ያለቀሰው መቼ ነው?"

ይመኙሻል ከውስጥ ብቅ አለች፣ ልጁ እንደተለጠፈባት። ደጁ ላይ የቆሙትን አየች፣ የወረዱትንና የታዘሉትን ልጆች አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ ወደ ገዛ ደረቷ አየች።

"ስንት ናቸው?" አለች።